የሚኒስትሩ ጨጓራ

የሌላ ሰው ሕይወት እያገላበጠ እንጀራውን የሚበላ ሰው አለ ቢሉኝ፣ ሐሜተኛ ማለታቸው ነው ብዬ ስቄ አልፈው ነበር። እኛ ከሚሴ ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው የለም፤ በነፃ የሚሠራው ግን ሞልቷል። አንድ አሜሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረው ይህንኑ መሆኑን በዓይኔ ካየሁ ወዲህ ግን አፌን በእጄ እንደያዝኩ አለሁ። መገረሜ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ጊዜው ደርግ ሥልጣን ይዞ ብዙም ሳይቆይ ነው። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ በተወለድኩባት ከተማ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከክፍል አስጠሩኝና ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ወሰዱኝ። በዚያ ዘመን ከሥራው ላይ ተጠርቶ የሚሄድ ሰው ስለ ሹመት አያስብም። ብገባ፣ አንድ ረጅም ሽበታም ፈረንጅ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ አገጩ ሥር ደርሷል። ካኪ የለበሰው የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ከጎኑ ቆሟል።

«ጓድ መምህርት፣ ይህ ሰው ከበላይ የተፈቀደለት ነው። የሚጠይቀውን ለሕዝቡ ተርጉሚ። የጠየቀውን ደግሞ ማታ ማታ ለእኔ ንገሪኝ» አለኝ።

«ሰላይ ቢሆንስ?» አልኩት።

«እሱን ነዋ የምትነግሪኝ!» አለ።

ፕሮፌሰር የሚሉትን ይህን ፈረንጅ ከዚያ ወጥተን ስንሄድ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። የፖለቲካ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ አለኝ። በአገሩ የሦስት ሰዎችን ሕይወት ጽፏል። አንዱ የክፍለ ግዛት ገዥ ነበር፤ አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ለምርጫ እየተወዳደረ ሲሸነፍ የኖረ ሰው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከመሪዎች ጆሮ ሥር ሆኖ የሚያንሾካሹክ አማካሪ። ለእያንዳንዳቸው የጎልማሳነቱን ብዙ ዓመታት ገብሯል። የተወለዱበት ቤት ሄዶ ያድራል። የተማሩበት ክፍል ገብቶ በልጅነታቸው ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ ይቀመጣል። አማካሪውን ክፉ ሰው ነው ብሎ ነበር መጻፍ የጀመረው። «ስጨርስ ክፋቱ እንዳለ ነበር፤ እኔ ግን አልቅሼለት ነበር» አለኝ።

ኧረ በአላህ! እኔ የገዛ አጎቴን ታሪክ እንኳ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አላውቅም። ለማያውቀው፣ ለማይዛመደው፣ ያውም ለማይወደው ሰው ጎልማሳነቱን የሚሰጥ ሰው ከየት መጣ?

ወደ እኛ አገር መጀመሪያ የመጣው በእንግድነት ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ነው፤ በንጉሡ ዘመን መሆኑ ነው። አንድ ቀን ቤተ መንግሥት ግብር ላይ ተጠርቶ ከአንድ ሚኒስትር ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሲበላ ሚኒስትሩ ሳህኑን ሳይነካ እየሳቀ ሲያወራ አመሸ። ፕሮፌሰሩ ያን ሳህን አልረሳውም። ሚኒስትሩ ሥርዓቱ ከመለወጡ ትንሽ ቀደም ብሎ ሲሞት፣ አራተኛው ሰው ይህ ነው ብሎ ተነሣ።

በመንግሥት የተጻፈው ታሪኩ ሚኒስትሩን ከወደ ሰሜን የተወለደ የባላባት ልጅ ነው ይላል። ፕሮፌሰሩ እዚያ ድረስ ሄዶ ጠየቀ፤ እንዲህ ያለ ልጅ እዚህ አልተወለደም አሉት። አዲስ አበባ ተመልሶ የሚኒስትሩን የቀድሞ ጸሐፊ ደጅ ጠና። ጸሐፊው በመጨረሻ አንድ ነገር ነገረው። ሚኒስትሩ በጣም ሲናደድ፣ ንዴቱ እስኪበርድለት ድረስ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥር ነበር፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለ በኦሮምኛ! ፕሮፌሰሩ ይህችን ብቻ ይዞ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ አፍ የሚነገርበትን አገር ከሐረር ጀምሮ ሲያስስ ነው ከሚሴ የደረሰው።

ይህን ሲነግረኝ ወሬ ለወጥኩ። የሚፈልገው ቤት የት እንዳለ አውቃለሁና።

ከሚሴ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከከተማው ዳር፣ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ አዮ እያለ የሚጠራቸው አንድ ባልቴት ነበሩ። አዮ ማለት በኦሮምኛችን እማዬ ማለት ነው። ባላቸው ገና በወጣትነታቸው ሞቶ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ቀረላቸው። ቁርኣን ቤት አንድ ጊዜ የሰማውን የማይረሳ ልጅ ነበር አሉ። አንድ የመንግሥት ሹም በዚህ ሲያልፍ አየውና አስተምረዋለሁ ብሎ ወሰደው። ከዚያ ልጁ ስሙ ተለወጠ፣ ተጠመቀ፣ ተማረ፣ ትልቅ ሰው ሆነ። በዚያን ጊዜ ወንበር የሚፈልግ የእኛ አገር ልጅ መንገዱ ይኸው ነበር። አዮ ስሙን መለወጡን በሰሙ ዕለት «ልጅ የለኝም» አሉ። በሾፌር መልእክት ቢልክ፣ ሰው ቢልክ፣ «የተሳሳተ ቤት ነው የመጣችሁት» እያሉ መለሱ።

አሁን ደግሞ ደርግ መጥቶ የሚኒስትር ዘመድ መሆን ራሱ ወንጀል ሆነ። የሚኒስትር እናት ናቸው ከተባለ የፊውዳል ርዝራዥ ተብለው ያቺ ጎጆና ያቺ የበቆሎ ማሳ ትነጠቃለች። ሆድ ካገር ይሰፋል ይሉ የለ? አገሩ ሁሉ በሆዱ ይዞላቸው ኖረ። እኔም ለፕሮፌሰሩ ትንፍሽ አላልኩም። ለሊቀ መንበሩም ማታ ማታ የምነግረው ፈረንጁ ስለ ዝናብ ጠየቀ፣ ስለ ማሽላ ጠየቀ እያልኩ ነበር።

አዮ ግን የሚፈሩት ለማሳቸው ብቻ አልነበረም። እናቴ ጎረቤታቸውም ሚስጥረኛቸውም ስለነበረች አውቃለሁ። ሌት ተቀን የሚበላቸው አንድ ጥያቄ ነበር። ልጄ እኔንም ዲኑንም ጨርሶ ረስቶ ሞተ ወይ? ይህን የሚመልስላቸው ሰው በዱንያ ላይ አልነበረም፤ እሳቸውም ደፍረው የሚጠይቁት የለም።

ፕሮፌሰሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አይጠይቅም! እኔ ታሪክ ጸሐፊ እንደ መርማሪ አፍጥጦ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። እሱ በማለዳ ተነሥቶ ቦርከና ይወርዳል፤ ልጆች ከሚዋኙበት ዳር ተቀምጦ ውኃውን ያያል። ጨፋ ሜዳ ላይ ከከብት ጠባቂዎች ጋር ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቆያል። ቁርኣን ቤት ደጃፍ ቆሞ የልጆቹን ድምፅ ይሰማል። ምን እያደረግህ ነው ስለው፣ «ልጁ በየቀኑ ያየውን ካላየሁ፣ ሚኒስትሩ በኋላ ያደረገውን አልረዳውም» ይለኛል። «አከም ቡልተን» ማለትን ተምሮ፣ እንዴት አደራችሁ ማለት መሆኑን ረስቶ፣ ከሰዓት በኋላም ሲመሽም ለሁሉም «አከም ቡልተን» ይላል። ሕፃናቱ ገና ከሩቅ ሲያዩት በሳቅ ይሞታሉ።

ገበያተኛውም አልማረውም።

«ይኼ ፈረንጅ ምን ጠፋበት?»

«የሞተ ሰው ይፈልጋል አሉ።»

«አግኝቶ ምን ሊያደርገው?»

«ሊጽፈው።»

«አይ፣ ቢቸግረው ነው!»

ቤት ለቤት ሲዞር የአዮም ደጅ ደረሰ። ከመቀመጡ በፊት «ልጅ የለኝም በይው» አሉኝ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው! እኔ ደነገጥኩ። እሱ አመስግኖ፣ ትንሽ ልቀመጥ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። አዮ በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር፤ አንድ ራስ አነሣና ይፈለፍል ጀመር። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛውም። ምንም አይጠይቅም፤ በቆሎ ይፈለፍላል። እኔ የምተረጉመው አጥቼ ጥግ ይዤ አዛጋለሁ።

አንድ ቀን አዮ አላስቻላቸውም። «አንቺ ልጅ፣ ይህ ሰው እናት የለውም እንዴ? የሰው እናት ቤት ሲውል እናቱ ምን ትላለች?»

ተረጎምኩለት። ቆሎ የመሰለውን ፍሬ ከመዳፉ ወደ ሰፌዱ እያራገፈ መለሰ። እናቱ ስትሞት ሩቅ አገር ነበር፤ የዚያን የአማካሪውን እናት መቃብር ፍለጋ። የሌላውን እናት መቃብር ሲያገኝ የራሱን እናት ቀብር ሳይደርስ ቀረ።

አዮ የያዙትን በቆሎ አስቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው እርጎ ቀድተው ሰጡት። «ጠጣ በይው፣ ምስኪን» አሉኝ። ይህ ሥራ እንዲህ ያለ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

አረፋ ደረሰ። እናቴ በግ አሳርዳ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች፤ ፕሮፌሰሩም መጣ። ትሪው መሐል ላይ ሥጋው ተቆልሎ ሁሉም ቢስሚላህ ብሎ እጁን ሲሰነዝር፣ አዮ እንደ ልማዳቸው ዳቦውን በእርጎ ብቻ በሉ። ፕሮፌሰሩ ተጠግቶ ለምን እንደማይበሉ ጠየቀኝ። «ጨጓራቸውን ያማቸዋል፤ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ሥጋ ሲበሉ አይቼ አላውቅም» አልኩት። እኛ ልጆች የተነገረን ይኸው ነበር። ፕሮፌሰሩ ያነሣውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና ሴትየዋን ትኩር ብሎ ያያቸው ጀመር።

በማግስቱ ወደ አዮ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ ነበር። ስለ ሚኒስትሩ ጨጓራ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌአለሁ አለኝ። ሚኒስትሩ ከወጣትነቱ ጀምሮ የጨጓራ ሕመምተኛ ነበር። ጾም ሲሆን ከሁሉም ጋር የጾም ምግብ ይበላል፤ ፍስክ ሲመጣ ሕመሙ ይነሣበታል። በቤተ መንግሥትም፣ በሠርግም፣ በወዳጅ ቤትም አንዲት ቁራጭ ሥጋ ነክቶ አያውቅም። ከግብር ቶሎ ተነሥቶ መሄዱ፣ ቀጭንነቱ፣ ቁጡነቱ፣ አንዳንድ ችኩል ውሳኔው ሁሉ ከዚህ ሕመም የመጣ መሆኑን በምዕራፉ አስረድቷል። «ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ ከሆነ፣ እናቱን አገኘሁ ማለት ነው!» አለ።

እኔ መንገዱ ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ይህ ሁሉ የተማረ ሰው፣ ይህ ሁሉ ዓመት፣ ከሚሴ ያለ ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር እንዴት አላሰበውም? እኛ አገር እስላምና ክርስቲያን አብሮ ያድጋል፣ ይጋባል፣ ይቀባበራል፤ ቢላዋው ብቻ ለየብቻ ነው። ድግስ ቢኖር ለሁለቱም ለየብቻው ይታረዳል። አሜሪካ ውስጥ ሳህን ያልነካ ሰው ታሞ ይሆናላ፤ ምን ያድርግ!

ፊቴን አይቶ «ምን አልኩ?» አለኝ።

«ና» አልኩት።

አዮ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። «አዮ፣ ልጅ የለኝም ብለዋል፤ መርሃባ፣ የለዎትም። ይህ ሰው ግን ስለ አንድ ሚኒስትር አንድ ነገር ያውቃል። በንጉሡ ገበታ ላይ እንኳ ሥጋ አይበላም ነበር ይላል። ጨጓራዬን ያመኛል እያለ።»

ወደ ፕሮፌሰሩ ዞሩ። «መቼ መቼ?» አሉ።

«ሁልጊዜ።»

«ዶሮስ?»

ጠየቅሁት። ዶሮም አይበላም ነበር አለ።

አዮ ድምፃቸው ወረደ። «ዓሣስ በይው። ዓሣስ?»

ፕሮፌሰሩ ይህን ስተረጉምለት ግራ ተጋባ። ዓሣ በጣም ይወድ ነበር አለ። ሐኪሙ ራሱ ይገረም ነበር፤ በዘይት የተጠበሰውን ዓሣ ጥርግ አድርጎ በልቶ ምንም የማይሆን ጨጓራ፣ ለተቀቀለ ዶሮ እንዴት ይታመማል እያለ።

አዮ «ዓሣ ቢላዋ አይፈልግም» አሉ። «ዓሣን ማንም አያርደውም፤ ሐላል ነው። ያረቢ፣ ልጄ!» እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ሳቅ አለበት፤ ኦሮምኛም አማርኛም ዱዓም አለበት። እኔም አብሬ ተነፋረቅሁ።

ሲረጋጉ ተናገሩ። ልጁን ሹሙ ሲወስደው መኪናው ድረስ ሸኝተውታል። «ስምህን ይለውጡት ይሆናል፤ ስም የሰው ነው፣ ሰው ያወጣዋል። ሆድህን ግን ለእኔ ጠብቅልኝ» አሉት። ልጁ ምንም አልመለሰም፤ ሄደ። ስሙ መለወጡን ሲሰሙ ሆዱም ሄዷል ብለው ቆረጡ። ያን ዕለት ሥጋ ተዉ። «እሱ ያልተፈቀደለትን እየበላ ነው፤ እኔ የተፈቀደልኝን ልተውለት አልኩ። አላህ አንዱን በአንዱ ያጣፋልኝ ብዬ ነው እንጂ እኔ ምን ጨጓራ አለብኝ? ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ድንጋይ ብበላ ይፈጨዋል» አሉኝ።

ይህን ለፕሮፌሰሩ ለመተርጎም ምን ያህል እንደታገልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እናት እዚህ ለልጇ ሥጋ ትታ፣ ልጅ እዚያ ለእናቱ ሥጋ ትቶ፣ አንዳቸው የሌላውን ሳያውቁ ዕድሜያቸው አለቀ። ሱብሃነላህ!

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አውልቆ ቁጭ አለ። እኔ የፈራሁለት ለምዕራፉ ነበር፤ የዓመታት ሥራው በአንድ ዓሣ ገደል ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር፤ ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል ብሎ ይሸፋፍን ነበር። እሱ ግን ሳቀ፤ ዓይኑ እያነባ ከልቡ ሳቀ። ከቦርሳው በታይፕ የተጻፈውን የወረቀት ክምር አውጥቶ ለአዮ ሰጣቸው። «ይህ ስለ በሽታው የጻፍኩት ነው። አልታመመም ነበር» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ያን ሳህን ከዚያ ምሽት ጀምሮ ስመለከተው ኖሬ፣ ዛሬ ገና አየሁት» አለኝ። ስህተቱ በዚህ ዕድሜው የተሰጠው ስጦታ ይመስል ነበር ደስታው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚያ ደስ እያለው የተሸነፈ ግን አላየሁም።

አዮ ካልፈቀዱ አንዲት ቃል እንደማይጽፍም ነገራቸው። መንግሥት እስኪለወጥ፣ ካስፈለገም እስከ ዕለተ ሞቱ ይዞት እንደሚቆይ ነገራቸው።

«ጻፈው በይው» አሉ አዮ። «ግን ከመጽሐፍ በፊት እኔ ራሴ እናገረዋለሁ። በቃኝ።»

«አዮ፣ ማሳው…» አልኩ።

«ማሳውን ይውሰዱት! ልጄ ሆዱን ጠብቆልኛል፣ እኔ ለአንድ እርምጃ የበቆሎ ማሳ ብዬ ልክደው?»

ብዙም ሳይቆይ አሜሪካኖች ከአገር ውጡ ተባሉና ፕሮፌሰሩም ሄደ። መጽሐፉ እኔ ዘንድ የደረሰው ደርግ ሊወድቅ ሲል ነው፤ ደሴ ድረስ በሰው እጅ መጥቶ። ወፍራም ነው። ስለ ጨጓራ የሚናገር ምዕራፍ ግን የለበትም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዲት ሴት ልጇን መኪና ድረስ ትሸኛለች። ሳነበው ያን ቀን አብሬያት የሸኘሁ ነበር የመሰለኝ።

እኔ ግን ስለዚያ ሰው ሳስብ ትዝ የሚለኝ መጽሐፉ አይደለም፤ የአዮ ሰደቃ ነው። ፕሮፌሰሩ ከመሄዱ በፊት በነበረው ጁምዓ አዮ አንዲቷን ፍየላቸውን አሳረዱ። እሳቱን ያቀጣጠሉት በጨጓራው ምዕራፍ ነው። እናቴ ወረቀቱን እያየች «ሰውዬው የጻፈው ደረቅ ነው፣ ጥሩ ይይዛል» አለች፤ እንኳንም እሱ አልገባው። ሰፈሩ ሁሉ ተጠርቶ ግቢው ሞላ። ሊቀ መንበሩም ካኪውን ለብሶ መጣ።

ዱዓ የሚያደርጉት ሼኽ እንደ ወጉ «ሰደቃው ለማን ነው?» አሉ።

አዮ ቆሙ። በልጅነቱ ይጠሩበት የነበረውን ስም ተናገሩ። ቀጥለው ሚኒስትሩ የተሾመበትን ስም ተናገሩ። «አንድ ሰው ነው። ልጄ ነው» አሉ።

እኔ ሊቀ መንበሩን አየሁት። ሰው ሁሉ ያየው ነበር። ሊቀ መንበሩ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «እኔ ዛሬ የመጣሁት ለሥጋው ነው፤ ጆሮዬን ቢሮ ትቼው ነው የመጣሁ። ሼኽ፣ ዱዓውን ያድርሱ እንጂ ሥጋው ይቀዘቅዛል» አለና ሁለት እጁን ዘረጋ። እሱም የዚያው ሰፈር ልጅ፣ አዮ እያለ ያደገ ነበር። ስፈራው የኖርኩት ሰው አሚን ሲል ሰማሁት።

ሼኹ «የልብን የሚያውቅ አላህ ነው» ብለው ጀመሩ። ሁላችንም አሚን አልን፤ ፕሮፌሰሩም እጁን እንደኛ ዘርግቶ፣ ትንሽ ዘግየት እያለ፣ አሚን አለ።

ትሪው ሲመጣ አዮ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለፕሮፌሰሩ አጎረሱት። ከዚያ ሌላ ቁራጭ አነሡ። የሚያጎርሱት ሌላ ሰው አለ ብለን ጠበቅን። ቢስሚላህ አሉና ለራሳቸው ጎረሱ። የሚያውቅ ሁሉ መብላቱን አቆመ፤ እናቴ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አዮ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሌለ ጥርሳቸው ረጅም ጊዜ አላመጡ፣ ዋጡ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።